መስማት ብቻውን አያናግርም

በውጭ አገር ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ደጋግመው የሚሉት ነገር አለ፤ «አማርኛ ይሰማል፤ አይናገርም»። እናት «ጫማህን አውልቀህ ግባ፤ እጅህን ታጠብና ለአያትህ ደውልላት» ስትለው ልጁ አንዱንም ሳያስቀር ይፈጽማል። ከ«እሺ» ያለፈ መልስ ሲሰጥ ግን በእንግሊዝኛ፣ በዕብራይስጥ ወይም በጀርመንኛ ነው። ይህ ልጅ አማርኛ የሰማው አንድና ሁለት ወር አይደለም። ከተወለደ ጀምሮ በየቀኑ፣ ከሚወዳቸው ሰዎች አንደበት ሲሰማ ነው ያደገው። የትኛውም የቋንቋ ትምህርት ቤት ለተማሪዎቹ ያን ያህል የማዳመጥ ጊዜ ሊሰጥ አይችልም፤ ያም ሆኖ ልጁ በአማርኛ አፉን አልፈታም። በአንጻሩ አገር ቤት ያለው ተማሪ እንግሊዝኛን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ተምሯል። ያነባል፣ ሰዋስው ያውቃል፣ ፈተና ያልፋል። አይኤልትስ በተባለው የእንግሊዝኛ ብቃት ፈተና የማዳመጫው ድምፅ ሲከፈት ግን በጽሑፍ ቢያያቸው አንድ በአንድ የሚለያቸው ቃላት ተያይዘው ይነጉዱበታል። አንደኛው ጆሮ እንጂ አፍ የለውም፤ ሁለተኛው ዓይን እንጂ ጆሮ የለውም።

ለሁለቱም ዛሬ የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፤ «ፖድካስት ስማ»። ምክሩ ትክክል ነው፤ ግን ሙሉ አይደለም። ብዙ ሰው የሚረዳው ስልኩን ከፍቶ፣ የጆሮ ማዳመጫውን ሰክቶ፣ ታክሲ ውስጥም ሆነ ማእድ ቤት ሥራውን እየሠራ ለሰዓታት ማስፈሰስ እንደሆነ ነው። ቋንቋው ውሎ አድሮ በራሱ ጊዜ ይገባል ብሎ ያምናል። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ከዚህ የተለየ ነው። ፖድካስት ለቋንቋ ተማሪ የሚበጀው ለረጅም ሰዓት ስለተከፈተ አይደለም። አጭር ክፍል ተመርጦ፣ ተደጋግሞ ተሰምቶ፣ በመጨረሻም በተማሪው በራሱ አፍ ሲነገር ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ የሚገኘው ጥቅም በእጅጉ ይቀንሳል።

ፖድካስት በኢንተርኔት የሚለቀቅ፣ አብዛኛውን ጊዜ በተከታታይ ክፍሎች የሚቀርብ የድምፅ ዝግጅት ነው። አድማጩ ስልኩ ላይ አውርዶ ባመቸው ሰዓት ይሰማዋል። ስሙ መሰማት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2004 ሲሆን በ2005 አፕል ኩባንያ አይቲዩንስ በተባለው የሙዚቃ ማጫወቻው ላይ ሲያስገባው በሰፊው ተዳረሰ። ቋንቋን በድምፅ ማስተማር ግን ከዚያ በብዙ ዓመታት ይቀድማል። ቢቢሲ እንግሊዝኛን በሬዲዮ ማስተማር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1943 ነው። የአሜሪካ ድምፅ ሬዲዮ በ1959 «ስፔሻል ኢንግሊሽ» የተባለውን ዝግጅት ሲጀምር ሦስት ደንቦች አበጀ፤ ከ1,500 ያህል ቃላት አለመውጣት፣ ዓረፍተ ነገሩን ማሳጠር፣ ከተለመደው ንግግር በሁለት ሦስተኛ ፍጥነት ማንበብ። በዚህ ዝግጅት እንግሊዝኛን ያዳበሩ አድማጮች በመላው ዓለም አሉ። ዛሬም ዶይቸ ቬለ ጀርመንኛ ለሚማሩ ዜናን በዝግታ እያነበበ ከነጽሑፉ ያቀርባል። የፈረንሳዩ አር.ኤፍ.አይ. በቀላል ፈረንሳይኛ የተዘጋጀ የ10 ደቂቃ ዜና አለው። ቢቢሲ ደግሞ «ሲክስ ሚኒት ኢንግሊሽ» በተባለው ዝግጅቱ ሁለት ሰዎች ስድስት ደቂቃ ያህል ሲጨዋወቱ ያሰማል።

ታዲያ ከሬዲዮው ዘመን ምን ተለወጠ? የተለወጠው ሥልጣኑ ነው። ሬዲዮ ላይ ፍጥነቱን የሚወስነው ጣቢያው ነበር፤ ያመለጠ ዓረፍተ ነገር አመለጠ። ፖድካስት ላይ ግን ማቆሙም፣ ወደኋላ መመለሱም፣ ፍጥነቱን መቀነሱም በአድማጩ እጅ ነው። ይህ ትንሽ የሚመስል ልዩነት ምን ያህል ክብደት እንዳለው በኢትዮጵያ በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተጀመረው የፕላዝማ ትምህርት ይመሰክራል። በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጁት ትምህርቶች በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ በየክፍሉ ባለው የፕላዝማ ስክሪን ይተላለፉ ነበር። ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ አብዛኛውን የሚይዘው ስክሪኑ ነበር። መምህራንና ተማሪዎች አዘውትረው ካነሷቸው ቅሬታዎች አንዱ ፍጥነቱ ነበር። የስክሪኑ መምህር ጥያቄ ይጠይቃል፤ ተማሪው ጥያቄውን ተረድቶ ሳይጨርስ መልሱ ይነገራል፤ ትምህርቱ ይቀጥላል። ክፍል ውስጥ ያለው መምህር «ቆይ፣ ልጆቹ አልገባቸውም» ብሎ የሚያስቆምበት መንገድ አልነበረውም። ተማሪዎቹ የጎደላቸው የድምፅ ብዛት አልነበረም፤ ድምፁን የሚያቆሙበት ቁልፍ ነበር። እንግዲህ ፖድካስትን ከፍቶ ሳያቆሙ እስከ መጨረሻ ማስፈሰስ ማለት በገዛ እጅ ወደ ፕላዝማው ክፍል መመለስ ነው።

ማቆምና መድገም ለምን እንዲህ እንደሚጠቅም ለመረዳት ጆሮ የማያውቀው ቋንቋ ሲገጥመው ምን እንደሚቸግረው በቅርበት ማየት ያስፈልጋል። በጽሑፍ ላይ በቃልና በቃል መካከል ክፍተት አለ፤ በንግግር ላይ የለም። እኛ ራሳችን «የት አለ?» ብለን ጽፈን «የታለ?» እንላለን፤ «ምን አለበት» ብለን ጽፈን «ምናለበት» እንላለን። አማርኛ ከመጽሐፍ የተማረ የውጭ አገር ሰው «የታለ» የሚል ቃል መዝገበ ቃላት ውስጥ ቢፈልግ አያገኝም። እንግሊዝኛም እንዲሁ ነው። ተማሪው «ዋት አር ዩ ጎይንግ ቱ ዱ» የሚለውን ስድስት ቃል ለይቶ ያውቃል፤ ተናጋሪው ግን «ዋቻ ጎና ዱ» ብሎ ያልፋል። «ላስት ናይት» አፍ ውስጥ «ላስ ናይት» ይሆናል፤ «አን አፕል» ተያይዞ «አናፕል» ስለሚሆን ጀማሪው «ናፕል» የሚባል የማያውቀው ነገር ያለ ይመስለዋል። አን ከትለር የተባሉት የሥነ ልቦና ተመራማሪ ለአሥርተ ዓመታት ባደረጉት ጥናት እንዳሳዩት፣ አድማጭ ተያይዞ የሚመጣውን ድምፅ ወደ ቃላት የሚቆርጠው ከአፍ መፍቻ ቋንቋው በወረሰው ልማድ ነው። ስለዚህ የአዲሱ ቋንቋ አቆራረጥ በመለማመድ እንጂ በማወቅ ብቻ አይገኝም።

ጆን ፊልድ የተባሉት እንግሊዛዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ስለ ማዳመጥ ትምህርት በሚያወሳ መጽሐፋቸው የተለመደውን አሠራር አጥብቀው የነቀፉት ከዚህ ተነስተው ነው። ክፍል ውስጥ ድምፅ ይከፈታል፣ ጥያቄ ይጠየቃል፣ መልሱ ትክክል ወይም ስህተት ይባላል፤ ተማሪው የተሳሳተው የትኛው ድምፅ አምልጦት እንደሆነ ግን ማንም አይመረምርም። በእርሳቸው አባባል ይህ ማዳመጥን መፈተን እንጂ ማስተማር አይደለም። በፖድካስት ግን ምርመራው ይቻላል። ተማሪው አንዲት ዓረፍተ ነገር መርጦ መጀመሪያ ያለ ጽሑፍ ይሰማል፤ የያዘውን ይጽፋል። ደግሞ ይሰማና የጎደለውን ይሞላል። ቀጥሎ ጽሑፉን ከፍቶ ያስተያያል። ያመለጠው ቃል አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ በፊት ሰምቶት የማያውቀው ከባድ ቃል አይሆንም፤ ሲጻፍ የሚያውቀውና ሲነገር ቅርጹ የተለወጠበት ተራ ቃል ነው። ጽሑፉን ከዘጋ በኋላ ለአራተኛ ጊዜ ሲሰማው ቅድም ጭጋግ የነበረው ቦታ ጥርት ብሎ ይሰማዋል። የጆሮ ሥልጠና የሚባለው ይህ ነው፤ ሁለት ደቂቃ ድምፅ ይበቃዋል።

ምርጫው ላይ ደግሞ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሂልዴ ቫን ዚላንድና ኖርበርት ሽሚት እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት፣ ቀለል ያለ ትረካ የሚሰማ ሰው ከመቶ ቃላት 95 ያህሉን ካወቀ ታሪኩን በበቂ ሁኔታ መከታተል እንደሚችል አሳይተዋል። ቁጥሩን ወደ ተግባር እናውርደው። አንድ ተናጋሪ በደቂቃ 150 ቃላት ይናገራል ብንል፣ 95 በመቶውን ለሚያውቅ ሰው በየደቂቃው የሚገጥሙት እንግዳ ቃላት ሰባት ወይም ስምንት ናቸው። 80 በመቶውን ብቻ ለሚያውቅ ግን በየሁለት ሰከንዱ አንድ እንግዳ ቃል ይመጣበታል ማለት ነው። አንዱን ሲያስብ ሌሎቹ ያልፉታል፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ድምፁ እንደ ዝናብ ጩኸት ይሆንና በአንድ ጆሮው ገብቶ በሌላው ይወጣል። ስለዚህ ጀማሪ ተማሪ ታዋቂ ስለሆነ ብቻ ለአገሩ ተወላጆች የተዘጋጀ የሁለት ሰዓት የፖለቲካ ክርክር ቢከፍት ጊዜውን አባከነ እንጂ ቋንቋ አልተማረም። ለተማሪ የተዘጋጀ፣ አጭር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጽሑፍ ያለው ዝግጅት ይሻለዋል።

እዚህ ላይ «ማን ነው እንደዚያ በዝግታ የሚናገር? በለመድኩት ዝግታ አውሮፕላን ማረፊያ ብደርስ ማንም አይጠብቀኝም» የሚል ተቃውሞ ይነሳል። ተቃውሞው ሚዛን የሚደፋ ነው። በዝግታ የሚነበብ ዜና የተፈጥሮ ንግግር አይደለም፤ ቃላቱ እንደ «ዋቻ ጎና» አይጣበቁም። የአይኤልትስ የማዳመጥ ፈተናም ቅጂውን የሚያሰማው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሆኖም ፈተና አንዴ ስለሚሰማ ልምምዱም አንዴ ይሁን ማለት፣ ጨዋታው 90 ደቂቃ ነውና ኳስ መቆጣጠርን ለብቻው መለማመድ አያስፈልግም እንደማለት ነው። ዝግታው መነሻ እንጂ መድረሻ መሆን የለበትም። ተማሪው ዝግ ያለውን ያለ ጽሑፍ መከታተል ሲችል ወደ ተለመደው ፍጥነት፣ ከአንድ ሰው ንባብ ወደ ሁለት ሰዎች ጨዋታ መሸጋገር አለበት። በዝግታው ተመችቶት የሚቀር ሰው ከራሱ በቀር የሚወቅሰው የለም።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ጆሮ ነው። ወደ አፍ ስንመጣ ዋናው ክርክር ይጀምራል። አሜሪካዊው የቋንቋ ምሁር ስቲቨን ክራሸን እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ያራመዱት ሐሳብ በመላው ዓለም ብዙ ተከታይ አለው። ቋንቋ የሚለመደው ሰው የሚገባውን፣ ከደረጃው ትንሽ ከፍ ያለ ንግግር በብዛት ሲሰማና ሲያነብ ነው ይላሉ። መናገር የልምዱ ውጤት ነው፤ ጊዜው ሲደርስ ይመጣል፤ ተማሪውን ማስገደድም ከማስጨነቅ በቀር አይጠቅምም። «ዝም ብለህ ስማ» የሚለው ምክር የተወለደው ከዚህ ትምህርት ነው። ሐሳቡ እውነት አለው። ሳይሰማ የተናገረ የለም፤ የማይገባ ነገር መስማትም ፋይዳ የለውም።

ካናዳ ውስጥ የተገኘው ማስረጃ ግን ይህን እምነት ፈተነው። እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ልጆች ሒሳቡንም ሳይንሱንም በፈረንሳይኛ የሚማሩባቸው ክፍሎች ተከፍተው ነበር። እነዚህ ልጆች ለዓመታት የሚገባቸውን ፈረንሳይኛ ትምህርት ቤት ውስጥ በየቀኑ ሰሙ። ሜሪል ስዌን የተባሉት ምሁር በ1985 ባቀረቡት ጥናት፣ ልጆቹ ሲሰሙና ሲያነቡ ከፈረንሳይኛ ተናጋሪ እኩዮቻቸው ብዙም እንደማያንሱ፣ ሲናገሩና ሲጽፉ ግን ሰዋስዋቸው ገና እንደጎደለው አሳዩ። ምክንያቱን ሲያስረዱም፣ የሚሰማ ሰው ፍሬ ሐሳቡን ለመያዝ ጥቂት ቁልፍ ቃላትና ሁኔታው ይበቁታል፤ የሚናገር ሰው ግን ግሡን ከነመድረሻው፣ ቃሉን ከነቅደም ተከተሉ ራሱ መሥራት ግድ ይለዋል አሉ። «እጅህን ታጠብ» የሚለውን ትእዛዝ ለመፈጸም «እጅ» የሚለውን ቃል መስማትና የእናትን ፊት ማየት በቂ ነው። «እጄን ታጥቤያለሁ» ብሎ ለመመለስ ግን አማርኛ ግሡን እንዴት እንደሚያረባ ማወቅ ያስፈልጋል። የባሕር ማዶው ልጃችን የሚሰማውና የማይናገረው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ እንዲናገር የሚያስገድደው ጉዳይ ስላልገጠመው ነው። ወላጆቹ በሌላ ቋንቋ ሲመልስላቸው ይገባቸዋል፤ ጨዋታውም ይቀጥላል። ፖድካስትም እንደ እነርሱ ነው። ቢመልሱለትም ባይመልሱለትም ቅር አይለውም።

ታዲያ መልስ የማይጠይቀውን ድምፅ እንዴት መልስ ጠያቂ እናድርገው? የመጀመሪያው ዘዴ ከጎረቤታችን ከኬንያ ይገኛል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ ለአንደኛ ደረጃ ጀማሪ ክፍሎች እንግሊዝኛን በሬዲዮ የሚያስተምር ፕሮጀክት ተካሂዶ ነበር። የዝግጅቱ ልዩ ጠባይ ዝምታው ነው። በሬዲዮው ውስጥ ያለው ገጸ ባሕርይ ይጠይቃል፤ ለጥቂት ሰከንድ ዝም ይላል፤ ክፍሉ በአንድ ድምፅ ይመልሳል፤ ከዚያ ትክክለኛው መልስ ይሰማል። ልጆቹ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ደጋግመው ይናገሩ ነበር። ማንኛውም ተማሪ ይህን በስልኩ ሊያደርገው ይችላል። ቃለ ምልልስ ያለበትን ፖድካስት ይከፍታል፤ ጠያቂው ጥያቄውን እንደጨረሰ ያቆመዋል፤ እንግዳው ከመመለሱ በፊት ራሱ ጮክ ብሎ በሁለት ዓረፍተ ነገር ይመልሳል። ከዚያ ከፍቶ እንግዳው እንዴት እንደመለሰ ይሰማል። እርሱ መግለጽ ያቃተውን ነገር የአገሩ ተወላጅ በምን ቃል እንደገለጸው ሲሰማ ያ ቃል አይረሳውም፤ ምክንያቱም ገና አሁን ሲፈልገው ነበር።

ሁለተኛው ዘዴ «ሻዶዊንግ» ይባላል። ተናጋሪውን በግማሽ ሰከንድ ያህል ወደኋላ ቀርቶ እየተከተሉ፣ የሚለውን በድምፅም በዜማም አብሮ መናገር ነው። መነሻው የአስተርጓሚዎች ሥልጠና ሲሆን ዛሬ በጃፓን የእንግሊዝኛ ክፍሎች በሰፊው ይሠራበታል፤ በተለይ ደረጃቸው ዝቅ ያለ ተማሪዎች ድምፅ በመለየት እንደሚሻሻሉበት በዚያው የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። ለአማርኛ ተናጋሪ ልዩ ጥቅም አለው። አማርኛ ሁለት ተነባቢ ተከታትሎ ቃል እንዲጀምር ስለማይወድ፣ አንደበታችን «ስቶፕ»ን «እስቶፕ»፣ «ስኩል»ን «እስኩል» እያደረገ ያቀልለዋል። ተናጋሪውን በሩጫ የሚከተል ሰው ያቺን ተጨማሪ «እ» ካስገባ ይዘገያል፤ መዘግየቱም ለራሱ ይታወቀዋል። አንድ ደቂቃ ድምፅ ለአምስት ቀን እንዲህ ቢደገም ለዚህ ልምምድ በቂ ነው።

ሦስተኛውና ከሁሉም የሚበልጠው መልሶ መተረክ ነው። ፖል ኔሽን የተባሉት የኒውዚላንድ ምሁር በሰፊው ያስተዋወቁት አንድ ልምምድ አለ። ተማሪው አንድን ነገር ለመጀመሪያው አድማጭ በ4 ደቂቃ፣ ለሁለተኛው በ3፣ ለሦስተኛው በ2 ደቂቃ ይተርካል። ሐሳቡ አንድ ስለሆነ ሁለተኛው ላይ ምን ልበል ብሎ አይጨነቅም፤ ትኩረቱ ወደ አነጋገሩ ይዞራል፤ ሦስተኛው ላይ ንግግሩ ይፈጥናል፣ መንተባተቡ ይቀንሳል። ሦስት አድማጭ ከየት ይመጣል? እዚህ ላይ ቴሌግራም ያግዛል። አራት ሆነው ቡድን የከፈቱ ተማሪዎች በሳምንት አንድ አጭር ፖድካስት ይመርጣሉ፤ እያንዳንዱ የሰማውን በአንድ ደቂቃ ቮይስ ይልካል፤ ሌላው በቮይስ ጥያቄ ይጠይቀዋል። የላኩትን መልሶ መስማትም የልምምዱ ክፍል ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ሲናገር የማይሰማውን ስህተቱን ሰው ከቅጂው ላይ ይሰማዋል።

«ታዲያ ማን ያርመኛል? ስህተቴን እየደጋገምኩ ባጠናክረውስ?» የሚል ሰው ተገቢ ጥያቄ ጠይቋል። አስተማሪ ያለው ሰው የተሻለ ዕድል እንዳለው አይካድም። ይሁን እንጂ እርማት ብቻውን የሚታሰበውን ያህል አይሠራም። ሪቻርድ ሽሚት የተባሉት የቋንቋ ምሁር ብራዚል ሄደው ፖርቱጋልኛ ሲማሩ ማስታወሻ ይዘው፣ ንግግራቸውን እያስቀረጹ በ1986 እ.ኤ.አ. ከሲልቪያ ፍሮታ ጋር ውጤቱን አሳትመዋል። ያገኙትም በአካባቢያቸው አዘውትሮ የሚነገረውን የሰዋስው ቅርጽ እንኳ ልብ እስካላሉት ድረስ እንዳልተጠቀሙበት፣ ልብ ካሉት በኋላ ግን በንግግራቸው ውስጥ መግባት እንደጀመረ ነው። ልብ ማለት የሚመጣው ደግሞ የራስን አነጋገር ከሌላው ጋር ሲያስተያዩ ነው። ተማሪው የራሱን ቮይስ፣ የፖድካስቱን ድምፅና ጽሑፉን ጎን ለጎን ካስቀመጠ ብዙውን ስህተት ራሱ ያገኘዋል። የቀረውን ለአስተማሪ ያመጣል፤ ያን ጊዜ አስተማሪውም ምን ላይ እንደሚያተኩር ያውቃል።

ሌላው ተቃውሞ ስለ ደስታ ነው። ሁለት ደቂቃ ድምፅ አሥር ጊዜ መስማት ይሰለቻል፤ ሰልችቶት የተወ ሰው ደግሞ ምንም አይማርም። የክራሸን ወገኖች ትልቁ ጥንካሬ እዚህ ላይ ነው። ሰው የሚወደውን ነገር ይሰማል፤ የሚሰማውን ይቀጥላል። ስለዚህ ሁለቱን ማጣላት አያስፈልግም። በቀን 15 ደቂቃ ለጥብቅ ልምምድ፣ የቀረው ጊዜ ኳስም ይሁን ታሪክ ወይም ቀልድ ለሚወዱት ፖድካስት ሊሰጥ ይችላል። የማልስማማው ሁለተኛው የመጀመሪያውን ይተካል ሲባል ነው። በትርፍ ጊዜ የሚሰማው ድምፅ የተማሩትን ያጸናል፤ ያልተለማመደውን አፍ ግን አይከፍትም።

ከሁሉ የበረታው ተቃውሞ ግን ፖድካስት ሰው አይደለም የሚለው ነው። ፊትን አያይም፣ «ምን ማለትህ ነው?» አይልም፣ ሐሳብህን ሳትጨርስ አያቋርጥህም። እውነት ነው። ጎረቤቷ ከሆነች አረብ ሴት ጋር በየቀኑ ቡና የምትጠጣ፣ ቤይሩት ተቀጥራ የምትሠራ ኢትዮጵያዊት ከየትኛውም ፖድካስት የበለጠ አረብኛ ትማራለች። ነገር ግን ሁሉም ሰው እንዲህ ያለ ጎረቤት የለውም። አዲስ አበባ ተቀምጦ ለቤተሰብ ቪዛ የጀርመንኛ የመጀመሪያ ደረጃ (ኤ1) ፈተና የሚዘጋጅ ሰው ከክፍሉ ሲወጣ ጀርመንኛ የሚያናግረው አያገኝም። የሚያናግረው ያጣ ተማሪ ከዝምታ ውጭ ምርጫ የለውም እንዳይባል ነው ፖድካስቱ የሚፈለገው። ለብቻው ሃያ ጊዜ የተለማመደውን ሐሳብ ይዞ ሰው ፊት የሚቀርብ ተማሪ፣ ባዶ አፉን ከሚቀርበው ይልቅ ይደፍራል። «ዝም አይነቅዝም» የሚለው ምሳሌያችን ለሌላው ጉዳይ ይጠቅም ይሆናል፤ ለቋንቋ ተማሪ ግን ዝምታ ይነቅዛል።

የወጪውንም ነገር ማንሳት ይገባል፤ የኢንተርኔት ፓኬጅ ለብዙ ተማሪ ቀላል ወጪ አይደለም። ይሁንና የ10 ደቂቃ ድምፅ እንደ ጥራቱ ከ5 እስከ 10 ሜጋባይት ቢይዝ ነው፤ የዚያኑ ያህል ርዝመት ያለው ቪዲዮ ከዚህ ብዙ እጥፍ ይፈጃል። አንድ ጊዜ የወረደ ድምፅ በብሉቱዝ ወይም በሚሞሪ ካርድ ከአንዱ ስልክ ወደ ሌላው ያለ ኢንተርኔት ይተላለፋል፤ አጭር ክፍል ደጋግሞ መስማት የሚለው ዘዴም ከማስፈሰሱ ይልቅ በዋጋ ረገድ ይረክሳል። ስልሳ ተማሪ ያለበት ክፍል ውስጥ የሚያስተምር መምህርም አንድ ስልክና አንድ ትንሽ ስፒከር ይበቃዋል። ሁለት ደቂቃ ያሰማል፤ ተማሪዎቹ በየግላቸው የያዙትን ይጽፋሉ፤ ሦስት ሦስት ሆነው ጽሑፉን ከማስታወሻቸው መልሰው ለመሥራት ይከራከራሉ፤ በመጨረሻ ከዋናው ጋር ያስተያያሉ። በቋንቋ መምህራን ዘንድ «ዲክቶግሎስ» የሚባለው ይህ ልምምድ ስልሳውንም በአንድ ጊዜ ያናግራል።

አማርኛን ለሚማሩ የዳያስፖራ ልጆችም መንገዱ ያው ነው። እንዲያውም ለአማርኛ ድምፅ ከጽሑፍ ይበልጥ ግድ ይላል፤ ፊደላችን ጠብቆና ላልቶ የሚነበበውን ስለማይለይ «ገና» በዓሉ ይሁን «ገና ነው» የሚለው፣ ከገጹ ላይ አይታወቅም፤ የሚለየው ጆሮ ነው። የዶይቸ ቬለ፣ የቢቢሲና የአውስትራሊያው ኤስ.ቢ.ኤስ. የአማርኛ ክፍሎች በየጊዜው የሚለቋቸው ዝግጅቶች በነጻ ይገኛሉ፤ ዜናው ለልጅ ቢከብድም ስለ ምግብ፣ ስለ ስፖርትና ስለ ሰዎች ኑሮ የሚቀርቡት ይቀላሉ። ወላጅ ከልጁ ጋር ሦስት ደቂቃ ሰምቶ «እስቲ ለአያትህ በስልክ ንገራት» ቢለው፣ አያት ሌላ ቋንቋ ስለማትሰማ ልጁ የግድ በአማርኛ ይተርካል። ከካናዳው ጥናት የምንማረው ዋና ነገርም ይኸው ነው፤ ልጁን የሚያናግረው መናገር ግድ የሚሆንበት ጉዳይ ነው።

ስለዚህ ቋንቋ የሚማሩ አንባቢ፣ ወይም ልጆችዎን የሚያስተምሩ ወላጅና መምህር ከሆኑ፣ በዚህ ሳምንት የሰዓቱን ብዛት ትተው ሁለት ደቂቃ ብቻ ይምረጡ። ጽሑፍ ያለው ይሁን። አብዛኛው ቃል የሚታወቅ ይሁን። ያለ ጽሑፍ ሁለት ጊዜ፣ ከጽሑፉ ጋር አንድ ጊዜ፣ ጽሑፉን ዘግተው ደግሞ ሁለት ጊዜ ይስሙት። በማግስቱ አብረውት ይናገሩት። በሦስተኛው ቀን የሰሙትን ለአንድ ሰው በራስዎ ቃል ይንገሩት፤ ሰው ከጠፋ ስልክዎ ላይ ይቅረጹት። ቅጂውንም ያስቀምጡት፤ ከሦስት ወር በኋላ ስለዚያው ጉዳይ እንደገና ተናግረው ሁለቱን ያስተያዩ። መሻሻልዎን የሚነግርዎ የሰሙት ሰዓት ሳይሆን ይህ ንጽጽር ነው።